ጣርማ በር ላይ፦ ከፊት የሚጎትተው ዩዋን ፕላስ እና ከኋላ የሚገፋው አይዲ 4

ሁለቱ የኤሌክትሪክ መኪኖች ወረቀት ላይ እኩል ናቸው፤ ሁለቱም 150 ኪሎዋት፣ ሁለቱም 310 ኒውተን ሜትር። የቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ ሞተር ግን የፊት ጎማዎችን ይነዳል፤ ባለ አንድ ሞተሩ፣ ባለ 150 ኪሎዋቱ የቮልስዋገን አይዲ 4 ደግሞ የኋላዎቹን። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ባለው 130 ኪሎ ሜትር ይህ እምብዛም አይታወቅም። የሚለዩት ከደብረ ብርሃን አልፎ ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ተራራማ መንገድ፣ ጣርማ በር ላይ ነው። (ከ3,000 ሜትር በላይ የቤንዚን መኪና ትንፋሽ ያጥረዋል፤ እነዚህ አየር አይፈልጉም።)

ሐምሌ ነው፣ ጭጋግ ነው፣ ከሸዋ ሮቢት ሽቅብ ሲመጡ የተጫነ ሲኖትራክ ኩርባው ላይ አስቆመዎት። ዳገት ላይ ክብደት ወደ ኋላ ስለሚሄድ የዩዋን ፕላስ የፊት ጎማ ይቀላል። ፔዳሉን ጫን ሲሉት እርጥቡ አስፋልት ላይ ይሽከረከራል፣ መሪው ከእጅ ይጎትታል፤ ኮምፒውተሩ ጉልበቱን ሲቆርጠውም መኪናው ለአፍታ ይደነዝዛል። መሪውን አቅንቶ፣ ኢኮ (ጉልበቱን የሚያለሰልሰው የመንጃ ምርጫ) ላይ አድርጎ፣ ለስለስ አድርጎ መርገጥ ነው። አይዲ 4 ይህ ጣጣ የለበትም። እንዲያውም ከኋላ ሦስት ሰውና አንድ ኩንታል ጤፍ ሲጫንበት መሬቱን ይበልጥ ይይዛል።

ቁልቁለቱ ላይ ተራው የዩዋን ፕላስ ነው። እግር ከፔዳል ሲነሳ ሞተሩ ባትሪውን እየሞላ እንደ ፍሬን ይይዛል፤ የሚይዘውም ክብደት ያረፈበትን የፊት ጎማ ነው። አይዲ 4 ግን የቀለለውን የኋላ ጎማ ስለሚይዝ፣ ቢ (ሞተሩ አጥብቆ የሚይዝበት ማርሽ) ላይ ሆኖ እርጥብ ኩርባ መሃል ፔዳሉን ድንገት መልቀቅ ጅራቱን ያንሸራትተዋል። መንሸራተትን የሚቆጣጠረው የመኪናው መረጋጊያ ቢመልሰውም ያስደነግጣል። ስለዚህ ከኩርባው በፊት ፍጥነት መቀነስ፣ ኩርባው ውስጥ ፔዳሉን በቀስታ መልቀቅ። ታኅሣሥ ማለዳ ደግሞ የደብረ ብርሃን ውርጭ ባትሪውን ስለሚያቀዘቅዘው፣ የቀዘቀዘ ባትሪም ብዙ ኃይል ስለማይቀበል፣ የሁለቱም ሞተር እንደወትሮው አይይዝም፤ እግር ፍሬን ላይ ዝግጁ ይሁን።

ሽቅቡ ብቻውን ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማ በር ከ2 ቶን በላይ የሚመዝነውን አይዲ 4 ከደልዳላ መንገድ ፍጆታው በላይ ወደ 10 ኪሎዋት ሰዓት ያስከፍለዋል። ደብረ ሲና ገበያ መሃል ለመዞር ግን 10.2 ሜትር ይበቃዋል፤ የፊት ጎማው የሚነዳ ስላልሆነ አብዝቶ ይታጠፋል።

በዚህ መንገድ ለሚመላለስ ምርጫዬ አይዲ 4 ነው። ቅሬታው ጎማ ላይ ነው፦ ፊቱ 235፣ ኋላው 255 ስፋት ስለሆነ የፊቱን ከኋላው ማቀያየር አይቻልም፤ ቶሎ የሚያልቀውም የኋላው ነው። ዩዋን ፕላስ አራቱም አንድ ልክ ስለሆኑ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀያየራሉ። አይዲ 4 የገዛ ሰው ክረምት ሳይገባ ሁለት የኋላ ጎማ ከአዲስ አበባ ይዞ ይምጣ።