«የአያት ዕቃ» ሲሏችሁ ሳታዩ ቀብድ አታስገቡ

ሰሞኑን በቴሌግራምና በቲክቶክ «የድሮ ዕቃ» እያሉ የቤት ማስጌጫ የሚሸጡ ሰዎች በዝተዋል። በርጩማ፣ መስታወት፣ ከጀበና የተሠራ መብራት፣ ምን የሌለ አለ! ፎቶው ያምራል። እኔ 23,500 ብር ከፍዬ ነው ጉዱን ያወቅኩት። እናንተ እንዳትከፍሉ ብዬ ነው የምጽፈው።

አሮጌ ዕቃ አድሶ ቤት ማስዋብ በጣም እወዳለሁ። የሳሎኔ ጠረጴዛ እግሩ የአያቴ ሲንጀር የስፌት መኪና ነው፤ ላዩ ላይ እምነበረድ አስገጥሜበታለሁ። ቅዳሜ ምናለሽ ተራ ወርጄ፣ ቁራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበውን ሳገላብጥ ሰዓቱ አይታወቀኝም። እዚያም ክርክር አለ። ግን ዕቃውን በእጃችሁ ይዛችሁ ነው የምትከራከሩት። ያናደደኝ አዲሱን ዕቃ አስረጅተው የመቶ ዓመት ዋጋ የሚጠይቁት ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ ከቨርጂኒያ መጥታ ነበር። ስትመለስ ይዛው የምትሄድ የአገር ቤት ዕቃ ፈለገች። እኔ ደግሞ አንድ ገጽ ላይ የጅማ በርጩማ አየሁ፤ ባለ ሦስት እግር፣ ከአንድ ግንድ የተጠረበ፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ። «ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ በአንድ ቤተሰብ የቆየ» ይላል። ደወልኩ። «እህቴ፣ ሌላ ሰው ጠይቆታል፤ ግማሹን አሁን ካስገባሽ ላንቺ ላቆይልሽ» አለኝ። አስገባሁ። በዚያው ለራሴ መስታወትና መብራት ጨመርኩ። በርጩማው 9,500፣ መስታወቱ 8,000፣ መብራቱ 6,000 ብር። በሞተር ተላከልኝ፤ ቀሪውን ለልጁ ከፈልኩ። ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም።

ቅርስ የሚመስል ዕቃ ይዞ ከአገር ለመውጣት ከቅርስ ባለሥልጣን የማረጋገጫ ወረቀት ያስፈልጋል። ዕቃው በእርግጥ ቅርስ ከሆነ እንዲሁ በሻንጣ ይዞ መውጣት አይቻልም፤ ሕጉ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው። ይህንን ለውጭ አገር ዘመዶቻችሁ ንገሯቸው፤ ሻጮቹ ትንፍሽ አይሉም። እናም አክስቴና እኔ በርጩማውን ይዘን አምስት ኪሎ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድን። ባለሙያው ገልበጥ አድርጎ ሥሩን አየው፣ አሸተተው። «እናቴ፣ ይሄ አዲስ ነው። ይዘውት መሄድ ይችላሉ» አላት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይላት ነበር። ፊቷ ግን ጠቆረ። እኔ መግቢያ አጣሁ።

ቤት ተመልሰን በደንብ አየነው። የጠቆረው በተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው። ላዩ ላይ የጫማ ቀለም ተወልውሎበታል። ጭስም የነካው ይመስላል። የእውነት አሮጌ በርጩማ ሰው የተቀመጠበት ቦታ ይለሰልሳል፤ ሥሩ ግን ደረቅ፣ የደበዘዘና ሻካራ ሆኖ ይቀራል፤ ማን ይነካዋል? የእግሮቹ ጫፍም በመጎተት ብዛት ወጣ ገባ ሆኖ ያልቃል። የእኛው ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ጥቁር ነው። ሥሩን በጥፍሬ ቧጨር ሳደርገው እንደ ትናንት የተላገ ነጣ ያለ እንጨት ብቅ አለ። በነጭ ጨርቅ እሹት፤ ጥቁር ከለቀቀ ዕድሜ ሳይሆን ቅባት ነው። ደግሞ አሽቱት። ጋራዥ ጋራዥ ከሸተታችሁ ተዉት።

መስታወቱ ደግሞ ክፈፉ ላይ አራት የማሪያ ትሬዛ ብር ተለጥፎበታል። ሻጩ «1780 ይላል፣ እዪው!» ብሎኝ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ትሬዛ የሞተችው በፈረንጆቹ 1780 ነው። ከዚያ በኋላ የተመታው ብርም ሁሉ ያንኑ ዓመተ ምሕረት ይዞ ነው የወጣው። ስለዚህ 1780 ስላለ ብቻ አሮጌ ነው ማለት አይቻልም። ትክክለኛው ወደ 28 ግራም ይመዝናል፤ ከብር ማዕድን የተሠራ ስለሆነም ማግኔት አይስበውም። የእኔን ማግኔት ጥርቅም አድርጎ ያዛቸው፤ አራቱንም!

ከዚህ ሁሉ ያስፈራኝ ግን ቀለሙ ነው። ክፈፉ ከአሮጌ በር የተሠራ ነው፤ ይሄኛው እንኳ የእውነት አሮጌ ነው። «ያረጀ መልክ» እንዲኖረው በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ቀለሙ ተላልጧል፣ የሚከድነው ቫርኒሽ አልተቀባም። ቅርፊቱ ወለል ላይ ይረግፋል። የእህቴ ልጅ ገና በዳዴ የሚሄድ ነው፤ ያገኘውን አፉ ውስጥ ይከታል። በአሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖር ይችላል፤ እርሳስ ደግሞ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። በአገራችን በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የተደነገገው በ2010 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ በርና መስኮት ውስጥ ምን ያህል እንዳለ በዓይን አይታወቅም። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ዕቃ ካለ በደረቁ አትፈግፍጉት። ብናኙ ይባስ አደገኛ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ ላዩን በቫርኒሽ አሽጉት፤ ከልጆችም አርቁት።

መብራቱን ባጭሩ ልንገራችሁ። ጀበናው ተበስቶ ቀጭን ገመድ ገብቶበታል። ገመዱ የሸክላውን ስለታም ጠርዝ እየተሻሸ ልባሱ ተልጧል። ባለ 220 ቮልት ነገር! የሰፈራችን ኤሌክትሪሻን አይቶ ወዲያው ነቀለው። እንዲህ ያለ መብራት ስትገዙ ገመዱ የሚገባበት ቀዳዳ ላይ ጎማ መኖሩን እዩ፤ አምፖሉም የማይሞቅ ኤልኢዲ ይሁን።

ለሻጩ ደወልኩ። «እህቴ፣ እኔም እንደዚያ ብለው ነው የሸጡልኝ» አለኝ። በማግስቱ ቁጥሬን ዘግቶታል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ስለምንገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠናል። ግን ያለ ደረሰኝ፣ አድራሻውን ከማላውቀው ሰው ጋር ምን ይዤ ልከራከር? የጽሑፍ ምልልሳችንን እንኳ ከሁለታችንም ስልክ አጥፍቶታል። እናንተ ከመክፈላችሁ በፊት ስክሪንሾት አንሱ። የሥሩን፣ የጀርባውንና የመጋጠሚያውን ፎቶ ጠይቁ። የማይልክ ሻጭ ምክንያት አለው። ሱቅ ካለው ሄዳችሁ እዩ፤ ከሌለው ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ተቀጣጥራችሁ ዕቃውን ነክታችሁ ክፈሉ። «ሌላ ሰው ጠይቆታል» ካላችሁ ለዚያ ለሌላው ሰው ይሽጠው።

አክስቴ በርጩማውን ሳትይዘው ሄደች። በረንዳ ላይ አውጥቼዋለሁ። ሁለት ጊዜ በሳሙና አጠብኩት፤ ዘይቱ አሁንም ይሸታል።