ወጥ በፎቶ ለሚመዝን አፕ ካርዳችሁን አትስጡ

ሰሞኑን ቲክቶክ ላይም ቴሌግራም ላይም አንድ ዓይነት ማስታወቂያ በዝቷል። ሳህናችሁን ፎቶ አንሱ፣ ካሎሪውን እኛ እንነግራችኋለን ይላል። ሦስት ቀን በነጻ ትሞክራላችሁ፣ ከዚያ የዓመቱን በአንዴ ይቆርጣል። እህቴ ከፈለች፣ እኔም በእሷ ስልክ ፈተንኩት። ስሙን አልጠራም። ያየኋቸው ሌሎቹም ያው ናቸው።

ፋብሪካ ያሸገው ብስኩት ከሆነ ችግር የለም፣ ቁጥሩ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። የቤት ወጥ ላይ ግን አፑ የሚያደርገው ግምት ነው፣ ያውም ደፋር ግምት።

ጎመን በሥጋ አሳየሁት፤ የስፒናች ሰላጣ ነው አለኝ። ሽሮውን ሁመስ፣ የዓረቦቹን የሽምብራ ማባያ፣ አለው። ይሄ እንኳ ይታረማል፣ ስሙን መቀየር ይቻላል። ጉዱ ያለው ዘይቱ ላይ ነው። እህቴ አንዱን ምስር ወጥ በትንሽ ዘይት፣ ሌላውን እንደ እናታችን እጇን ሳትሰበስብ ሠራችው። አፑ ለሁለቱም ያው ቁጥር ሰጠ። ምን ያድርግ? ዘይቱ ቁሌቱ ውስጥ ገብቷል፣ ካሜራ ከየት ያየዋል? አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ግን 120 ካሎሪ ገደማ ነው። የተነጠረ ቅቤም ብዙ አይርቅም። ድስቱን የሞላው ሽንኩርት 100 ግራሙ 40 ብቻ ነው።

ሌላው ወጥመድ የጥሬና የበሰለ ነገር ነው። 100 ግራም ጥሬ ምስር 350 ካሎሪ አካባቢ አለው። የተቀቀለው ውሃ ስለሚጠጣ 116 ብቻ። አፑ ላይ "ምስር" ብላችሁ ስትፈልጉ የቱን እንደቆጠረ አይነግራችሁም። ሦስት እጥፍ ልዩነት እኮ ነው!

እንጀራውም ቢሆን ስስ ይሁን ወፍራም ከላይ አይታወቅም። አራት ሰው አንድ ትሪ ከከበበ ደግሞ ሒሳቡ አለቀለት። ጉርሻውን በማን ስም ይመዝግበው?

ክብደት ለመቀነስ ብቻ ከሆነ ኪሳራው የገንዘብ ነው። ስኳር ኖሮባችሁ ኢንሱሊን የምትወጉ ግን እባካችሁ በእነዚህ አፖች ቁጥር መጠኑን እንዳትቀይሩ። ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ከምር ማስላት የምትፈልጉ ከአፑ ዋጋ ባነሰ ገንዘብ ዲጂታል የኩሽና ሚዛን ግዙ። ባዶውን ድስት መዝኑና ቁጥሩን ያዙ። የሚገባውን ሁሉ ጥሬውን መዝኑ። ዘይቱን በማንኪያ አትለኩ፤ ጠርሙሱን ከመጨመራችሁ በፊትና በኋላ ሚዛን ላይ አስቀምጡት፣ ልዩነቱ የገባው ዘይት ነው። ለምሳሌ ግማሽ ኪሎ ምስር 1,760 ካሎሪ ነው። 600 ግራም ሽንኩርት 240። 150 ግራም ዘይት ወደ 1,330። በርበሬው እንደ መጠኑ ቢሆንም 170 እንበለው። ድምሩ 3,500 ነው። ወጡ ሲበስል ከነድስቱ መዝናችሁ የድስቱን ስትቀንሱ 2,500 ግራም ከሆነ፣ አንዱ ግራም 1.4 ካሎሪ ሆነ ማለት ነው። 250 ግራም ጨልፋችሁ ከበላችሁ 350። ዘይቱን ብትረሱት ያው ጭልፋ 217 ይመስላችኋል።

የጥሬ ዕቃውን ካሎሪ ለማወቅ መክፈል አያስፈልግም። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ፉድዳታ ሴንትራል የሚባለው ገጽ ነጻ ነው፤ ጤፍ ሳይቀር አለበት፣ ጥሬው 100 ግራሙ 367 ካሎሪ ነው። የቀድሞው የኢትዮጵያ ጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት ያወጣው የምግብ ይዘት ሠንጠረዥም አለ። እዚያ የአገራችንን ምግቦች በስማቸው ታገኛላችሁ። ቴሌግራም ላይ "የሀበሻ ምግብ ካሎሪ" ብለው ፒዲኤፍ ለሚሸጡም እንዳትከፍሉ። "አንድ ጭልፋ ሽሮ" ይላል። የማን ጭልፋ?

አሁን ወደ ገንዘቡ። ገብታችሁበት ከሆነ አፑን ከስልካችሁ ማጥፋት ክፍያውን አያቆመውም። ብዙ ሰው የሚበላው እዚህ ጋ ነው። አይፎን ከሆነ ሴቲንግስ ውስጥ ስማችሁን ነክታችሁ ሰብስክሪፕሽንስ ውስጥ ሰርዙት፣ ነጻው ጊዜ ሊያልቅ ቢያንስ 24 ሰዓት ሲቀረው። አንድሮይድ ከሆነ ፕሌይ ስቶር ላይ የፕሮፋይል ምስላችሁን ነክታችሁ የክፍያና የሰብስክሪፕሽን ክፍሉን ክፈቱና ሰርዙት። ቆርጦባችሁ ከሆነም ቶሎ ብላችሁ አፕልን ወይም ጉግልን ተመላሽ ጠይቁ፤ ሁልጊዜ ባይሰጡም ይሰጣሉ።

በራሳቸው ድረ ገጽ በካርድ ከከፈላችሁ ግን አይፎኑም ፕሌይ ስቶሩም ላይ አታገኙትም። እህቴ የከፈለችው እንደዚያ ነው። ለድርጅቱ ብትጽፍ የመለሰላት ሮቦት ነው። በመጨረሻ ባንኳ ደውላ ካርዷን አስቀየረች። የዘንድሮው ዶላር ግን ሄዷል።