ፒግማ ማይክሮን ለምናባዊ ካርታ፦ ስድስቱንም መግዛት አያስፈልግም

የጃፓኑ ሳኩራ የሚያመርተው ፒግማ ማይክሮን፣ ለጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ (ተጫዋቾች የአንድ ታሪክ ገጸ ባሕርያትን ሆነው ለሚጫወቱት) ካርታ በእጅ ለሚስል ሰው ጥሩ እስክሪብቶ ነው። ስድስት ውፍረቶችን በአንድ የያዘው ጥቅል ግን ያለ አስፈላጊነት ገንዘብ ያስወጣል። ለካርታ 01፣ 03 እና 05 የሚል የውፍረት ቁጥር ያላቸው በቂ ናቸው።

ቁጥሩ እንዳያታልላችሁ። 01 ማለት 0.1 ሚሊሜትር አይደለም፤ መስመሩ 0.25 ነው። 005 ደግሞ 0.20፣ 03 0.35፣ 05 0.45፣ 08 0.50 ሚሊሜትር ይሰጣል። 05 እና 08 ጎን ለጎን ቢሰመሩ ልዩነታቸው ለዓይን ብዙም አይታይም። 005 ከ01 የሚቀጥነው በ0.05 ብቻ ሆኖ ሳለ፣ እጁ ከበድ ባለ ሰው ጫፉ ቶሎ ይጎዳል።

የባሕር ዳርቻ በ05፣ የተራራና የደን ቅርጽ በ03፣ የተራራ ጥላ በ01 ይሠራል። ወንዝ ከምንጩ በ01 ይጀመርና ገባር ሲቀላቀለው ወደ 03 ይለወጣል፤ ወደ ባሕሩ ሲጠጋ መወፈሩ የፍሰቱን አቅጣጫ ያለ ቀስት ያሳያል። የቦታ ስም በፊደል የምትጽፉ ከሆነ ቁመቱ 4 ሚሊሜትር ለሆነ ጽሑፍ 01 ተጠቀሙ። በ05 ከተጻፈ የጤ እና የጬ ቀለበት ተደፍኖ ጥቁር ነጥብ ይሆናል።

ትልቁ ጥቅሙ ቀለሙ ነው። ከደረቀ በኋላ ውሃ አያስለቅቀውም፤ በላዩ ላይ የውሃ ቀለም መቀባት ይቻላል። ችግር የሚመጣው በጥድፊያ ነው። ልሙጥ ወረቀት ላይ ቶሎ ስለማይደርቅ ከሥር ያለውን የእርሳስ ንድፍ ከማጥፋት በፊት 15 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ከደረቀም በኋላ ጠንካራ ላጲስ ጥቁሩን ገፎ ግራጫ ያደርገዋል፤ እንደ ሊጥ የሚታሸውን ለስላሳ ላጲስ እየጫኑ ማንሳት ይሻላል። ከሁሉም የሚበጀው ንድፉን 2ኤች (2H) በሚባለው ጠንካራ እርሳስ ሳይጫኑ መሳል ነው።

ጫፉ በቀጭን የብረት ቱቦ ውስጥ የተያዘ ነው። ሲጫኑት ወደ ውስጥ ይገባና ብረቱ ወረቀቱን ይቧጭራል፤ ከዚያ ወዲያ አይድንም። ቀጥ አድርጎ በቀላል እጅ መያዝ ነው። ሻካራ ወረቀት ጫፉን ይበላል፤ በካሬ ሜትር 80 ግራም የሚመዝን የፎቶኮፒ ወረቀት ደግሞ የውሃ ቀለም ሲነካው ይጨማደዳል። 300 ግራም ሆኖ ገጹ ልሙጥ የሆነ የውሃ ቀለም ወረቀት ሁለቱንም ያስታርቃል። በባለቀለም እርሳስ የምትቀቡ ቀለሙን ከመስመሩ በኋላ አድርጉት፤ የእርሳሱ ሰም የእስክሪብቶውን ጫፍ ይደፍነዋል።

እስክሪብቶው እንደገና አይሞላም፤ ይህ ያበሳጫል። ሰፊ ቦታ በእሱ ማጥቆር ብክነት ነው፤ ለዚያ ብሩሽና የቻይና ቀለም አለ። የዋሻ ካርታ የምትስሉ፣ ግድግዳውን በተጠላለፉ ጭረቶች ስትሞሉ ቀድሞ የሚያልቅባችሁ 01 ስለሆነ እሱን ሁለት ግዙ።