ሰውየውን መቀየር ወይስ ሥርዓቱን?

መርዛማ ወንድነት ሲባል ወንድ መሆን መርዝ ነው ማለት አይደለም። መርዙ "ወንድ አያለቅስም"፣ "ወንድ እርዳታ አይጠይቅም" የሚለው አስተሳሰብ ነው። ይህን ለመቀየር ሁለት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው ግለሰቡ ላይ ያተኩራል። ሥልጠና፣ ምክር፣ ቅጣት። ጥቅም አለው፤ ጥቃት ሲፈጸምማ ተጠያቂነት የግድ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሠልጣኙ ወደ ኑሮው ሲመለስ ነው። ጓደኞቹ ያው ናቸው። አለቃውም ያው ነው። ስሜቱን ሲናገር ይሳቅበታል፤ ስለዚህ ዝም ይላል። ይህን ያየ ልጁም ዝምታን ይማራል። ልጁ ሲያድግ ደግሞ በተራው በሌላው ላይ ይስቃል።

ሁለተኛው መንገድ፣ ሥርዓታዊ አስተሳሰብ፣ ጥያቄውን ያሰፋዋል፦ ይህን ባህርይ ደጋግሞ የሚወልደው ምንድን ነው? ስዊድንን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1974 የወሊድ ፈቃድን ለአባቶችም ከፈተች። የተጠቀሙት አባቶች ግን ጥቂት ነበሩ፤ አብዛኞቹ ድርሻቸውን ለእናትየዋ ይተዉ ነበር። በ1995 ለእያንዳንዱ ወላጅ የማይተላለፍ አንድ ወር ተመደበ። አባት ካልወሰደው ይቃጠላል። ፈቃድ የሚወስዱ አባቶች ቁጥር በግልጽ ጨመረ። አንድ ደንብ ሲነካ "አባት ምን ያደርጋል?" የሚለው ልማድም አብሮ ተነካ። እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው።

ምርጫዬ ሁለተኛው ነው። "ጥፋቱ የሥርዓቱ ነው" እያሉ ደብዳቢን ነጻ ማውጣት ግን አይገባም። ደግሞም መንገዱ አዝጋሚ ነው፤ ዛሬ ማታ ለምትደበደብ ሴት አይደርስላትም። ለእሷ ሕጉና መጠለያው አሁኑኑ ያስፈልጓታል።