ኢማቲኒብ፣ ዳሳቲኒብ ወይስ ኒሎቲኒብ? የሲኤምኤል መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት

ጅማ ውስጥ ሲኤምኤል የሚባለው የደም ካንሰር የተገኘበት ሰው ቤተሰብ ፋርማሲ ለፋርማሲ ሲዞር ቀድሞ የሚጠይቀው «ጠንካራው የቱ ነው?» ብሎ ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው ታማሚው ሌላ ምን ሕመም እንዳለበት ነው።

የሲኤምኤል መድኃኒቶቹ ሁሉም ካንሰሩን የሚነዳውን ቢሲአር-ኤቢኤል የተባለ ፕሮቲን ያግዳሉ። ግን እያንዳንዳቸው በጎን የሚነኳቸው ሌሎች ፕሮቲኖች አሉ፤ ጥቅሙም ጣጣውም ከዚያ ይመጣል።

ኢማቲኒብ (ግሊቬክ) አንጋፋው ነው፤ አሜሪካ የፈቀደችው በፈረንጆቹ 2001 ነው። ኪት የተባለውን ፕሮቲንም ስለሚመታ ለአንድ ዓይነት የጨጓራና የአንጀት ዕጢ ይታዘዛል። የተለመደው መጠን 400 ሚሊግራም በቀን አንዴ፣ ከምግብና ከብዙ ውሃ ጋር ነው። ስለዚህ ረመዳን ላይ ሐኪሙ ከተስማማ ከኢፍጣር ጋር መዋጥ ይቻላል። የዓይን ዙሪያ ያብጣል፣ ጡንቻ ይሸመቅቃል። ያም ሆኖ ዕድሜው ለገፋና ልቡን ለሚያመው ሰው የእኔ ምርጫ ይኸው ነው።

ዳሳቲኒብ ይበረታል፤ በምግብም በባዶ ሆድም ይወሰዳል። ሆኖም ሳንባ ዙሪያ ውሃ ሊቋጥር ስለሚችል ሳንባው ለተጎዳ ሰው አይመከርም። በዚያ ላይ የጨጓራ አሲድ ካላገኘ በደንብ አይመጠጥም። እኛ ጋ ደግሞ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል እንደ ከረሜላ ነው የሚዋጠው፤ አብሮ ከተወሰደ ውዱ መድኃኒት ባክኖ ይቀራል።

ኒሎቲኒብም ኃይለኛ ነው፤ ኑሮ ላይ ግን ይከብዳል። የተለመደው ካፕሱል በቀን ሁለቴ ሲወሰድ፣ ከመዋጡ በፊት 2 ሰዓት ከተዋጠ በኋላ 1 ሰዓት ምግብ ክልክል ነው። ቡና ተፈልቶ፣ ቆሎው ቀርቦ፣ «ብላ እንጂ» እየተባለ መታገሱን እናንተው አስቡት። ስኳርም ከፍ ያደርጋል፣ የልብ ምትም ሊያዛባ ይችላል፤ ሳይጀመር በፊት ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) መነሳት ግድ ነው።

ሌላው የሲኤምኤል መድኃኒት ፖናቲኒብ ብዙ ፕሮቲን ስለሚመታ ከሁሉም የተሻለ ይመስላል። ቲ315አይ የሚባለው የዘረመል ለውጥ የመጣበትን ካንሰር፣ ከላይ ያሉት ሦስቱ የማይችሉትን፣ ያቆመዋል፤ የደም ሥር መዘጋትና ስትሮክ ግን ያመጣል። በፈረንጆቹ 2021 አሜሪካ የፈቀደችው አሲሚኒብ ደግሞ በተቃራኒው የቢሲአር-ኤቢኤል ክፍል የሆነውን ኤቢኤልን ብቻ ለይቶ እንዲይዝ ነው የተሠራው።

በሌላ ስም የተሠራ ኢማቲኒብ ጥራቱ ከተረጋገጠ አያስፈራም፤ መቋረጡ ነው የሚያስፈራው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ፓኬት ከመክፈላችሁ በፊት የሚቀጥለውን ወር ከየት እንደምታገኙ፣ በየ3 ወሩ የሚደረገው የቢሲአር-ኤቢኤል ምርመራም የት እንደሚሠራ ሐኪማችሁን ጠይቁ።