ባህር ዳር ላይ የወለል ሴራሚክ ልትገዙ ነው? ጀርባውን ሳታዩ ብር እንዳትከፍሉ

ቤት እየጨረሳችሁ ያላችሁ ሰዎች ይቺን አንብቧት። «ፖርስሊን ነው፤ የቀረችን ትንሽ ስለሆነች ነው ዋጋ የቀነስነው» እየተባለ የሚሸጥ 60 በ60 ሴራሚክ አለ። ያብረቀርቃል፣ የእምነበረድ መልክ አለው፣ ዋጋውም ከሌላው ወረድ ይላል። ፖርስሊን፣ ማለትም ውሃ እምብዛም የማይጠጣው ጠንካራ ሴራሚክ፣ ግን አይደለም።

እህቴ አባይ ማዶ ለሰራችው ቤት ይህንኑ ገዛች። ክረምቱ ሳይወጣ የቁምሳጥኑ እግር ያረፈበት ተሰነጠቀ፤ በሩ አጠገብ ያለው ደግሞ ጠርዙ ተላጠ። የተላጠው ጋ ጎንበስ ብላችሁ ብታዩት ከላይ ስስ ነጭ ቀለም፣ ከስሩ ቀይ ሸክላ ነው። ሻጩ ጋ ስትሄድ «ሰሪው ነው ያበላሸው» አላት። ሰሪው ደግሞ «ዕቃው ነው»። እሷ መሃል ላይ ቀረች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሱቅ ስትገቡ አንዱን ሴራሚክ ገልብጡና ጀርባው ላይ ውሃ ጠብ አድርጉበት። ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። እውነተኛ ፖርስሊን ከሆነ ውሃው እላዩ ላይ ይቆያል። ምጥጥ ካደረገው ፖርስሊን አይደለም፤ የግድግዳ ሴራሚክ ሊሆን ይችላል። በዓለም አቀፉ መለኪያ ፖርስሊን የሚባለው ከክብደቱ 0.5 በመቶ የማይበልጥ ውሃ የሚጠጣው ነው፤ የግድግዳው ግን ከ10 በመቶ በላይ ይጠጣል። ቀለሙን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፤ ውስጡ ነጭ የሆነ የግድግዳ ሴራሚክም ሞልቷል። ሻጩ ውሃ አታፍስሱ ካለ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

በነገራችን ላይ የግድግዳ ሴራሚክ መጥፎ ዕቃ አይደለም። ለሻወር ግድግዳ፣ ለኪችን ግድግዳ ምንም አይወጣለትም። ችግሩ በፖርስሊን ስም ወለል ላይ መተኛቱ ነው።

ሁለተኛው ሽወዳ ካሬው ላይ ነው። አራት ባለ 60 በ60 የያዘ ካርቶን 1.44 ካሬ ነው። አንዳንድ ሻጮች ግን «አንድ ተኩል ነው» ብለው ይደምራሉ። 40 ካርቶን ስትወስዱ የ60 ካሬ ትከፍላላችሁ፣ ቤታችሁ የሚገባው 57.6 ነው። የጎደለው 2.4 ካሬ የአንድ ትንሽ ሽንት ቤት ወለል ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡና በስልካችሁ ራሳችሁ አባዙት።

ካርቶኑ ላይ የምድብ ቁጥርም አለ፤ የትኛው ዕቃ በአንድ ዙር አብሮ እንደተመረተ የሚያሳይ ነው። «ቀሪ ዕቃ» የሚሉት ብዙ ጊዜ ከተለያየ ምድብ የተለቃቀመ ነው። ሱቁ ውስጥ አንድ ይመስላል፤ ሳሎን ውስጥ የመስኮት ብርሃን ሲያርፍበት ግማሹ ክሬም፣ ግማሹ ግራጫ ሆኖ ቁጭ ይላል። ሁሉንም ከአንድ ምድብ፣ ለስብራትና ለዞኮሎ (ከግድግዳው ስር ዙሪያውን ለሚለጠፈው) የሚሆነውን ጨምራችሁ በአንዴ ውሰዱ። ከመውሰዳችሁ በፊት ግን አራት ሴራሚክ አውጥታችሁ መሬት ላይ ደርድሯቸው። የእምነበረዱ መስመር አራቱም ላይ እዚያው ቦታ ላይ ከመጣ ሳሎናችሁ አንድ ማህተም ደጋግመው የመቱበት ወረቀት ይመስላል።

ስለ ማብረቅረቁም አንድ ነገር ልበል፤ እዚህ ከተማ ሁሉም ሰው የሚያብረቀርቅ ካልሆነ አልገዛም ይላል። በክረምት ጫማ ይዞት የሚገባው ጭቃና አሸዋ ያንን ፊት ይቧጭረዋል። በዓል ሲመጣ ደግሞ እርጥብ ቄጠማ ተጎዝጉዞበት እናታችሁ ጀበና ይዘው ሲራመዱ አስቡት! ለሳሎን፣ በተለይ ለበረንዳና ለሻወር ወለል ማት የሆነውን፣ ማለትም የማያብረቀርቀውን ምረጡ። ቀለሙ ጠቆር ካለ አቧራ ያጋልጣል፣ ነጭ ከሆነ ጭቃ፤ ግራጫና ክሬም ሁለቱንም ይችላሉ።

ከመክፈላችሁ በፊት ደረሰኙ ላይ «ፖርስሊን» የሚለው ቃል፣ የምድብ ቁጥሩና የካሬው ልክ ይጻፍላችሁ። «ሴራሚክ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ፣ ኋላ ላይ የምትሟገቱበት የላችሁም። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል፤ ግን ማስረጃ ይዛችሁ፣ ቶሎ መሄድ አለባችሁ። የገዛችሁና ገና ያላስነጠፋችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ አንድ ካርቶን ከፍታችሁ በውሃ ሞክሩት። ካርቶኖቹን አትጣሉ፣ ሰሪውንም እስከዚያው አስቁሙት።