የወንድሜን ጀልባ ተራዳ መልሰው ላቆሙት የጠባሴ ባለሙያ

ይህን ምስጋና የምጽፈው በደብረ ብርሃን ከተማ፣ ጠባሴ ውስጥ አነስተኛ የቶርኖና የብየዳ ቤት ላላቸው አንድ ባለሙያ ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሳ ስላልፈለጉ አልጠቅሰውም፤ ስለ ሥራቸው እንድናገር ግን ፈቅደውልኛል። እኔም የተደረገልኝን አንድ በአንድ ካልተናገርኩ ምስጋናዬ ባዶ ቃል ሆኖ ይቀርብኛል።

ታላቅ ወንድሜ በሕይወት ሳለ ላንጋኖ ሐይቅ ላይ የሚያቆያት አንዲት የሸራ ጀልባ ነበረችው። ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ የገዛት ሲሆን በወንድሜ እጅ ብቻ ከ30 ዓመት በላይ ቆይታለች። አካሏ ፋይበር ግላስ፣ ማለትም በመስታወት ክር የተጠናከረ ፕላስቲክ ነው፤ ሸራዋ የሚሰቀልበት ተራዳ ደግሞ ሰባት ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ውስጡ ክፍት የሆነ አሉሚኒየም ሲሆን፣ ከፊትና ከሁለቱ ጎን በስቴንለስ ካቦ ተወጥሮ ይቆማል። ወንድሜ ካረፈ በኋላ ጀልባዋ አራት ክረምት ሙሉ ተሸፍና ሐይቁ ዳር ተቀመጠች። ልጆቹ «አባታችን ውኃን ያስተማረን በእሷ ነው፤ አትሸጥብን» ብለው ሲለምኑኝ እምቢ ማለት አልቻልኩም። ጥገናውን ቀርቤ መከታተል ስለነበረብኝ፣ ባለፈው ጥቅምት በአይሱዙ አስጭኜ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ አስጉዤ ወደምኖርበት ወደ ደብረ ብርሃን አመጣኋት።

ከዚያ ቀደም ብሎ ሥራውን እዚያው ሐይቁ አካባቢ ለሌላ ሰው ሰጥቼ ነበር። ማንነቱን መናገር አልፈልግም፤ ያደረገውን ግን መናገር ግድ ይለኛል፤ ምክንያቱም የኋለኛው ሥራ ክብደት የሚታወቀው ከፊተኛው ጋር ሲተያይ ነው። የላሉትን የስቴንለስ ብሎኖች አውጥቶ በተራ የብረት ብሎን ተካቸው፤ ውኃ የሚገባበትን ቀዳዳ ሁሉ ደግሞ ከላይ በሲልከን ለቀለቀው። ስድስት ወር ሳይሞላ ነጩ ወለል ላይ የዝገት ዕንባ መውረድ ጀመረ፤ ከተራዳው ሥር ያለው ቦታም ሲረግጡት እንደ ረጠበ ካርቶን ይሰረጉድ ነበር።

የጠባሴው ባለሙያ በመጀመሪያው ቀን አንድም ብሎን አልፈቱም። ጫማቸውን አውልቀው ወለሉ ላይ ወጡና በካቻቢቴ እጀታ ስንዝር በስንዝር እያንኳኩ ድምፁን አዳመጡ። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የታመመው ቦታ ግን ድፍን፣ የታፈነ ድምፅ ነው የሚሰጠው። የታመመውን በጠመኔ ከበቡት። የጀልባዋ ወለል በሁለት የፋይበር ግላስ ንጣፎች መካከል ባልሳ የሚባል እጅግ ቀላል እንጨት ያለበት መሆኑን፣ ብሎኑ በላላበት ቀዳዳ የገባው ውኃ ይህን እንጨት ከውስጥ ሲያበሰብሰው እንደኖረ በአንዲት የተነቀለች ብሎን ቀዳዳ ውስጥ ሽቦ አስገብተው እርጥብ ቡናማ ብናኝ እያወጡ አሳዩኝ። «እትዬ፣ ይህች ብሎን ለምን እንደላላች ሳላውቅ ሌላ ባስርልዎ፣ እሷም ነገ ትላላለች» አሉኝ። እንግዲህ ሦስት ወር ሙሉ በሠሩት ሥራ ሁሉ የነበራቸው ጠባይ ይኸው ነበር፤ የተሰበረውን ከመቀየራቸው በፊት የሰበረውን ይፈልጋሉ።

በጠመኔ የተከበበውን ቦታ ከላይ ቆርጠው የበሰበሰውን እንጨት ጠርገው አወጡ። የቀረውን ለሁለት ሳምንት በፀሐይና በነፋስ ካደረቁ በኋላ አዲስ እንጨት አስገብተው የላይኛውን ንጣፍ መልሰው ዘጉት። ብሎኖቹ የሚያልፉበትን ቦታ ግን በእንጨት አልተዉትም፤ ቀዳዳውን ከሚፈለገው በላይ አስፍተው ኢፖክሲ በሚባል፣ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ በሚጠነክር ወፍራም ማጣበቂያ ሞሉትና ከደረቀ በኋላ በኢፖክሲው መሐል በልኩ በትራፓኖ በሱት። እንዲህ ሲሆን አንድ ቀን ብሎኑ ቢላላ እንኳ ውኃው ኢፖክሲውን እንጂ እንጨቱን አያገኝም። ጊዜው ኅዳርና ታኅሣሥ ነበርና የደብረ ብርሃን ውርጭ እንዴት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አብዛኛው ኢፖክሲ ከ10 ዲግሪ በታች በቅጡ አይጠነክርም፤ ስለዚህ በየማታው የተሠራውን ቦታ በካርቶን ሸፍነው፣ ጫጩት እንደሚሞቅበት ባለ አምፖል ሲያሞቁት ያድሩ ነበር። ሁለት ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሙቀቱ ስለተቋረጠ የዚያን ቀን ሥራ በጥፍራቸው ጭረው ፈተኑት፤ እንዳልጠነከረ ሲያዩም ማንም ሳያዝዛቸው ጠርገው አውጥተው እንደገና ሞሉት። ለዚያ ተጨማሪ ዋጋ አልጠየቁኝም።

ወለሉ ላይ በብሎን የሚታሰሩትን ዕቃዎች መልሰው ሲያስሩም የተማርኩት ነገር አለ። በዕቃውና በወለሉ መካከል እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ የቡታይል ጥቅል አደረጉ፤ ረዳታቸው የብሎኑን ራስ ከላይ ጨብጦ ይይዛል፣ እርሳቸው ከታች ዳዶውን ብቻ ያዞራሉ። ብሎኑ ራሱ ቢዞር ዙሪያውን የያዘው ማሸጊያ ይቀደድና ውኃ መንገድ ያገኛል። በአንድ ቀንም አላጠበቁትም፤ ቡታይሉ ቀስ እያለ ወደ ውጭ ስለሚፈስ ለአራት ቀን በየጠዋቱ እየመጡ ጥቂት ጥቂት ጨመሩበት። ቀድሞ ከወለሉ ሥር የነበረችው ትንሽ ሮንዴላ ብቻ ነበረች፤ እርሳቸው ግን ጉልበቱ በሰፊው እንዲከፋፈል ከእያንዳንዱ ዕቃ ሥር የ3 ሚሊ ሜትር ስቴንለስ ላሜራ ቆርጠው አስገቡ።

ከሁሉም የከበደው ተራዳው ነበር። አሉሚኒየምና ስቴንለስ ተነካክተው እርጥበት ሲያገኛቸው የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው፤ የላንጋኖ ውኃም እንደ ሻላና እንደ አብያታ ባይበረታ ሶዳ አዘል ስለሆነ ጉዳቱን ያፋጥነዋል። በየብሎኑ ዙሪያ ነጭ ዱቄት ወጥቶ ብሎኖቹ ከተራዳው ጋር አንድ አካል ሆነው ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን የብሎኖቹን ራስ በግራይንደር ቆርጦ ይጥል ነበር። እርሳቸው ግን ዘይት አጠጥተው አሳደሩ፤ አሉሚኒየም በሙቀት ከስቴንለስ ይልቅ ስለሚሰፋ ዙሪያውን በጥንቃቄ አሞቁ፤ ከዚያም በመዶሻ ቀለል አድርገው እየመቱ ወደ ፊትም ወደ ኋላም እያነቃነቁ ከ22ቱ ብሎኖች 19ኙን ሳይሰበሩ አወጡ። ለሦስቱ ብቻ ትራፓኖ ተጠቀሙ። ሲመልሷቸውም ሁለቱ ብረቶች እንዳይነካኩ የሚለይ ቅባት ቀቡ፤ ከየዕቃው ሥርም ከቢጫ የዘይት ጀሪካን የተቆረጠ ስስ ፕላስቲክ እንደ ጋርኒሲዮን አነጠፉ።

በተራዳው ጫፍ ያለችው፣ የሸራው ገመድ የሚያልፍባት ፑሊ ተበልታ ገመዱን ትቆርጥ ነበር። አዲሷን ከናይሎን በቶርኖ አወጡ። ናይሎን ውኃ እየጠጣ ስለሚያብጥ የመሐሉን ቀዳዳ ወዲያው ወደ መጨረሻው ልክ አላደረሱትም፤ ፑሊዋን ባልዲ ውኃ ውስጥ ሁለት ሳምንት አስቀምጠው በየጊዜው በካሊብሮ እየለኩ፣ ማበጧን ስታቆም ነው ቀዳዳውን የጨረሱት። ይህን ያየሁ ዕለት ሥራው በትክክለኛ እጅ ላይ እንዳረፈ አወቅኩ።

ካቦዎቹን የፈተሹበት መንገድ ደግሞ የአገራችን ነው። እያንዳንዱ ካቦ 19 ክር ያለው፣ 4 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ሽቦ ነው። ከመንዝ የመጣ ያልተፈተለ የበግ ፀጉር በእጃቸው ጨብጠው ከላይ እስከ ታች ሳቡት፤ የተበጠሰ ክር ካለ ፀጉሩን ይይዘዋል፣ እጅንም አያደማም። በግራው ካቦ ታችኛ ጫፍ፣ ሽቦው ወደ ማሰሪያው በሚገባበት ቦታ ላይ ፀጉሩ ቀረ፤ ሁለት ክር ተበጥሶ ነበር። እዚህ ላይ ያሉኝን አልረሳውም፦ «ይህን እኔ አልሠራም። ጫፉን የሚጨምቀው መሣሪያ የለኝም፤ በብየዳ ባስመስለው ደግሞ ሙቀቱ ሽቦውን ያደክመዋል፤ ሰው ላይ ይወድቃል።» ርዝመቱን በሚሊ ሜትር ለክተው፣ የሁለቱን ጫፍ ቅርፅ በወረቀት ስለው ሰጡኝ፤ በውጭ አገር የሚኖር የወንድሜ ልጅ በዚያ ልክ ሦስቱንም ካቦ አሠርቶ ላከልን። አንዱ ካረጀ ጓደኞቹም እኩያው ናቸው ብለው ሦስቱም እንዲቀየሩ የመከሩን እርሳቸው ናቸው።

ካቦዎቹ ከጀልባዋ ጎን የሚታሰሩባቸው የስቴንለስ ጠፍጣፋ ብረቶች ለዓይን አዲስ ይመስሉ ነበር። ስቴንለስ ራሱን የሚጠብቅበት ስስ ሽፋን አየር ይፈልጋል፤ በወለሉ ውፍረት ውስጥ ተቀብሮ ውኃ የተኛበት ክፍል ግን አየር ስለማያገኝ በድብቅ ይሰነጠቃል። ባለሙያው በብርድ ልብስ ፋብሪካው የጥገና ክፍል ብዙ ዓመት ሲሠሩ የለመዱትን ፍተሻ አደረጉ፤ ብረቱን አጽድተው ቀይ ቀለም ቀቡት፣ ጠረጉት፣ ነጭ ዱቄት ረጩበት፤ ከአንዱ ብረት የብሎን ቀዳዳ እንደ ፀጉር የቀጠነች ቀይ መስመር ብቅ አለች። በዚያ ብረት ላይ ነበር የወንድሜ ልጆች ሕይወት ሊንጠለጠል የነበረው። ሁለቱንም አዲስ ሠሩልን። በእጃቸው የነበረው ስቴንለስ ለዚህ እንደማይበቃ ነግረውኝ፣ ሞሊብዲነም የሚባል ማዕድን ስላለበት ዝገትን ይበልጥ የሚቋቋመው፣ 316 የሚባለው ዓይነት ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት አስጠበቁኝ። ያን ጊዜ መዘግየቱ አናድዶኝ ክፉ ቃል ተናግሬአቸዋለሁ፤ እዚህ በሁሉም ፊት ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ።

ከጥምቀት በኋላ ጀልባዋን ወደ ላንጋኖ ስንመልስ ከረዳታቸው ጋር አብረውን ወረዱ። ሐይቁን ከዚያ በፊት አይተውት አያውቁም ነበር። ተራዳውን አቁመው፣ ሁለቱን የጎን ካቦዎች እኩል ወጥረው፣ ከታች ቀና ብለው ቀጥ ማለቱን አረጋገጡ፤ የካቦዎቹ መወጠሪያዎች ተፈትተው እንዳይላሉ በየቀዳዳቸው ኮፒሊያ የሚባለውን የሽቦ ማገጃ አስገብተው የሾሉትን ጫፎች ሸራ እንዳይቀዱ በፕላስተር ጠቀለሏቸው። ለልጆቹም በደብተር ወረቀት ላይ ጽፈው የሰጧቸው አለ፦ ከሐይቅ በወጣች ቁጥር በጉድጓድ ወይም በቧንቧ ውኃ እጠቧት፤ በዓመት አንድ ጊዜ ተራዳውን አውርዳችሁ የበግ ፀጉሩን ሳቡ፤ ካቦዎቹን 10 ዓመት ሲሞላቸው ደህና ቢመስሉም ለውጧቸው። የተነቀሉትን አሮጌ ዕቃዎች በሙሉ፣ የተረፉትን ብሎኖችና የዕቃ መግዣ ደረሰኞችንም ጭምር በከረጢት አድርገው መለሱልኝ።

በሰሜን ሸዋ ጀልባ ያለው ሰው ብዙ እንደማይኖር አውቃለሁ። የውኃ ፓምፕ ዘንግ፣ የወፍጮ ዕቃ፣ የአይሱዙ አካል ማሰሪያ፣ የተሰበረ የስቴንለስ ዕቃ ያለው ግን በየቤቱ አለ፤ ጥቆማዬም ለእናንተ ነው። ጠባሴ ደርሳችሁ «ጀልባዋን የሠሩት ባለ ቶርኖ» ብትሉ፣ ጀልባዋ በጊቢያቸው በቆመችበት ጊዜ ሳያያት የቀረ ልጅ ስለሌለ ደጃቸው ድረስ ያደርሷችኋል። የተሰበረውን ዕቃ ብቻ ሳይሆን ከእሱ ጋር የሚገናኘውንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ምን እንደሰበረው መጠየቃቸው አይቀርም። እሑድና በበዓል አይሠሩም፤ ቸኩላችሁ ከሄዳችሁም ያስጠብቋችኋል።

የተከበሩ ባለሙያ፣ ልጆቹ ባለፈው ቅዳሜ ሸራዋን ዘርግተው ሐይቁን ተሻግረው መመለሳቸውን ነግረውኛል፤ ወለሉ ጠብታ አላስገባም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እጅዎን ይባርክልኝ።